ውረዱ ማለት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ የአውሮፕላን ቪዲዮ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም።

ቦታው አሜሪካ፣ አይዳሆ፤ ብሩስ ሜዶውስ የሚባል ተራራ መሃል ያለ የሣር ማኮብኮቢያ ነው። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ ሰኔ 2012፣ ቀኑ ሞቃት። አውሮፕላኗ ስቲንሰን 108 ናት፣ የ1947 ሥሪት፤ አራት ሰው ይዛለች። ካሜራው ውስጥ ነው ያለው። ትንደረደራለች፣ ትንደረደራለች፣ አሁንም ትንደረደራለች። እንደምንም መሬት ትለቃለች። ከዚያ ግን ከፍ አትልም። ዛፎቹ ከታች መቅረት ሲገባቸው በመስኮቱ ትይዩ ያልፋሉ። ሞተሩ እየሠራ ነው። መጨረሻ ላይ ዛፎቹ መሃል ገብታ ተከሰከሰች። አራቱም በሕይወት ወጡ፤ አብራሪው ግን ክፉኛ ተጎድቷል።

ሜዳው አጥሯቸው ይሆን? አላጠራቸውም። 1,500 ሜትር ነው፤ ለእንደዚህች ያለች ትንሽ አውሮፕላን ሰፊ ሜዳ ነው። ያጠራቸው አየሩ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 1,940 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ዝቅ ይላል። ሙቀቱ ሲጨመርበት ግን አየሩ ይሳሳል፤ ለአውሮፕላኗ 2,800 ሜትር ላይ የቆመች ያህል ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ ተራ የፒስተን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል።

ይሄ ነገር እኛንም ይነካናል። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ይታረፋል። ስትመለሱ ግን በቀጥታ ነው። ነፋሱም አለበት፤ ዋናው ግን ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ነዳጅ ጢም አድርጎ መነሳት ስለማይቻል ነው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዱለስ፣ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ትልቁ አየር መንገድ ሒሳቡን ሠርቶ ጭነቱን ይቀንሳል። እዚያ ተራራ መሃል ግን ሒሳቡን የሚሠራው አብራሪው ብቻውን ነው። የአሜሪካ መርማሪዎችም ጥፋቱን ያዩት እዚሁ ላይ ነው፤ ከበረራው በፊት በነበረው ዝግጅት።

ደግሞ የሚያታልል ነገር አለ። አብራሪዎች ግራውንድ ኢፌክት ይሉታል። መሬት አጠገብ፣ በክንፏ ርዝመት ከፍታ ውስጥ እስካለች ድረስ፣ የአየሩ መጎተት ስለሚቀንስላት መውጣት የማትችል አውሮፕላን ትነሳለች። ጎማው ሲለቅ ሁሉም "እፎይ" ይላል። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል፤ ከፊት ዛፍ አለ፣ ከኋላ ሜዳው አልቋል።

ለዚህ የቆየ ደንብ አላቸው፦ ማኮብኮቢያው ግማሽ ላይ ስትደርስ ለመነሳት ከሚያስፈልግህ ፍጥነት 70 በመቶውን ካላገኘህ፣ አቁም። ምልክቱን ቀድመህ ትመርጣለህ፤ ድንጋይም ይሁን አጥር። እዚያ ስትደርስ ማሰብ የለም።

እኔን ግን ሲከነክነኝ የሰነበተው ሒሳቡ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ የማስበው ራሴን ነው። አጎቴንና ሁለት ጓደኞቼን ከነሻንጣቸው አሳፍሬ፣ ቀበቶ ካሰሩ በኋላ፣ "አየሩ ሳስቷል፣ ሁለታችሁ ውረዱ" ማለት እችላለሁ? እኛ እኮ ታክሲ ውስጥ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲባል አምስተኛውን ሰው ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ የምናስቀምጥ ሰዎች ነን። ይሉኝታው ብቻውን ስንት ኪሎ ይመዝናል!

እዚያ ተራራ የለመዱት አብራሪዎች በማለዳ ነው የሚነሱት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ከረፈደባቸው እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ ወይ ሁለቱን አድርሰው ለሁለቱ ይመለሳሉ። አጎቴ እንደሆነ በየትኛውም ዙር ቢሆን ከፊት ካልተቀመጠ አይሄድም።