ሽንፈትንም እንደ ድል እናንብብ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለንባብ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የመዋጮውን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ከሻይ በኋላ ያቀርቡልናል። እኔ ስለ መጻሕፍቱ ልናገር።

ዘንድሮ ብዙ ጊዜ የሰጠነው ለዓድዋ ነው፤ አይቆጨኝም። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ለበታች አዛዦቹ ባደለው ንድፍ ካርታ ላይ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ስም ያለ ቦታው ተጽፎ ነበር። ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ አልቤርቶኔ፣ ካርታው ያመለከተው ቦታ ደርሶ ሳለ፣ መንገድ መሪዎቹ «ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው» ሲሉት ብርጌዱን ይዞ ከሌሎቹ ተነጥሎ ገባ። ይህን ያነበብን ዕለት ካርታውን ወለሉ ላይ ዘርግተን፣ አንዱን ጦር በባቄላ ሌላውን በሽምብራ እየለየን፣ እስኪመሽ ድረስ ማንም ከቦታው አልተነሣም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ድል ስናነብ ቤቱ ይሞላል፤ ማይጨው ስንደርስ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። የመርዝ ጋዙና የአውሮፕላኑ ነገር እውነት ነው፤ ደም ያስለቅሳል። ነገር ግን «በጋዝ ተሸነፍን» ብለን መጽሐፉን ስንዘጋ፣ የመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.ን ውጊያ ግማሹን ሳናነበው እንቀራለን። የእኛ ጥቃት በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠው ሲዘገይ፣ ጠላት ምሽጉን የሚያጠናክርበት ጊዜ አገኘ። የሬዲዮ መልእክታችንንም እየጠለፈ ያዳምጥ ነበር። ይህን መመርመር እዚያ የወደቁትን መውቀስ መስሎ የሚታየው ካለ፣ እኔ አክብሮት ነው እላለሁ። ምን ገጥሟቸው እንደነበር ሳናውቅ እንዴት እናከብራቸዋለን?

ደግሞም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ዛሬ የተሰበሰብንባት ሱሉልታ በፍቼ መንገድ ላይ ናት። በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከሰላሌ ተነሥቶ በጠላት ወደተያዘችው አዲስ አበባ ዘመተ። ከተማዋን ከየአቅጣጫው ባንድ ጊዜ ለመምታት ታስቦ ነበር፤ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ነበሩበት፣ የዓድዋው ባልቻ አባ ነፍሶም ነበሩበት። ክረምት ነው፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ የወንዙ ሙላት። አንዱ ጦር የት እንደደረሰ ለሌላው በጊዜ የሚነግር አልነበረም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነበር። ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ ተረሸኑ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን ፍቼ ላይ ተገደሉ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በመጪው ዓመት ማይጨውንና የሐምሌውን ጥቃት፣ ለዓድዋ የሰጠነውን ያህል ጊዜ ሰጥተን፣ ካርታ ዘርግተን እናንብብ። በኢጣሊያ በኩል የተጻፈውንም እንጨምር። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ያላችሁ፣ በቃል እንዳይቀር ጽፋችሁ አምጡልን፤ ጸሐፊያችን ይመዘግቡታል። ስለ ሐምሌው የምናነብበት ቀን በሐምሌ ይሁን፤ ጠዋት በእግር እንጦጦ ወጥተን ከተማዋን ቁልቁል እያየን እንጀምር። ዝናብ አይቀርምና ጃንጥላ ያዙ።

ጉባኤው ተከፍቷል።