ፈቃዱ በማንሆሉ አፍ ላይ ይፈረም

የተከበራችሁ ካፒቴኖች፣ የመርከብ መኮንኖችና መሐንዲሶች፣ ቦስኖችና መርከበኞች፣ ከየኩባንያው የመጣችሁ የመርከብ አስተዳደርና የደኅንነት ኃላፊዎች፤ እንኳን ለመርከበኞች ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ የንግድ መርከብ ዘርፍ ወቅታዊ ፈተናዎች የሚል ነው። ፈተናዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ወዲህ በቀይ ባሕር ነጋዴ መርከቦች በሚሳኤልና በድሮን ተመትተዋል፤ መርከበኞች ሞተዋል፤ ብዙ መርከቦችም የስዊዝን ቦይ ትተው አፍሪካን በደቡብ ዞረው ሄደዋል። ማርች 26 ቀን 2024 ዳሊ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ ኤሌክትሪክ ጠፍቶባት የባልቲሞርን ድልድይ ስትመታ፣ ሌሊት አስፋልት ሲጠግኑ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሕይወታቸው አልፏል። የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያው እየታወከ፣ በባሕር ላይ ያለች መርከብ በካርታው ላይ የብስ ላይ ቆማ ትታያለች። ደመወዛቸው ሳይከፈል ከነመርከባቸው የተጣሉ ጓዶች አሉ።

ስለ እነዚህ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኔ ግን ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። ሚሳኤል ሳይተኮስ፣ ማዕበል ሳይነሳ፣ ወደብ ላይ ታስራ በቆመች መርከብ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለትና ሦስት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚቀጥፈው ሞት ልናገር ነው። ስለ ዝግ ክፍሎች፣ አየር በደንብ ስለማይዘዋወርባቸው የመርከብ ክፍሎች።

ዝግ ክፍል ስል መርከቧን ለማመጣጠን የባሕር ውሃ የሚሞላበትን ባላስት ታንኩን ብቻ አይደለም። የመልህቅ ሰንሰለት የሚከማችበት ክፍል፣ በታንኮች መካከል ያለው ባዶ ክፍል ኮፈርዳሙ፣ የድርብ ወለሉ ታንክ፣ የጭነት ታንኩ፣ የፓምፕ ክፍሉ፣ የፍሳሽ ታንኩ፣ የቦይለሩና የዋናው ሞተር ሆድ፣ ሁሉም ዝግ ክፍል ነው። ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚዘናጋበት ደግሞ ወደ ጭነት ሆልዱ የሚያወርደው የመሰላል ክፍል ነው፤ በርና መሰላል ስላለው ብቻ መተላለፊያ ይመስለዋል።

ብረት ሲዝግ ኦክስጅን ይበላል። ይህን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። የባሕር ውሃ ገብቶበት የወጣ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ክዳኑ ለሳምንታት ታሽጎ የቆየ ታንክ ሰው ለመግደል ምንም ዓይነት መርዝ አያስፈልገውም። በንጹሕ አየር 20.9 በመቶ የሆነው ኦክስጅን ወደ 16 ሲወርድ ማመዛዘን ይዛባል፤ 10 ገደማ ሲደርስ ሰው ራሱን ይስታል፤ ከ6 በታች ከሆነ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ጭነትም እንዲሁ ነው። ግንድ፣ ጣውላ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የብረት ፍቅፋቂ፣ ፋጉሎ፣ ሁሉም ኦክስጅን ይጨርሳሉ። የእንጨት ፔሌት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። የድንጋይ ከሰል ሚቴን ይለቃል። በመድኃኒት የታጠነ እህል ፎስፊን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ይዞ ይጓዛል። በሜይ 2014 በእንግሊዝ ጉል ወደብ፣ ሰንቲስ በተባለች ጣውላ የጫነች መርከብ ላይ ሦስት መርከበኞች የሞቱት በዚያው በመሰላል ክፍል ውስጥ ነው። በኋላ ሲለካ በመሰላሉ ግርጌ የተገኘው ኦክስጅን ከ5 እስከ 6 በመቶ ነበር።

ለምን አልታወቃቸውም? ሰውነታችን ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ የሚጨነቀው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማችበት ነው። ኦክስጅን በጎደለበት አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደንብ እያስወጣን ስለምንተነፍስ ጭንቀቱ አይመጣም። ጉልበት ይከዳል፤ ሰውየው ከመሰላሉ ላይ ይወድቃል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ቢሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል ብላችሁ አትተማመኑበት፤ 100 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ መቶ፣ አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ምናልባትም በዝቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቫይኪንግ አይላይ ልውሰዳችሁ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግን በዝርዝሩ ውስጥ እንሂድበት፤ እያንዳንዱ እርምጃ ዛሬም በየመርከባችን እየተደገመ ነውና። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2007 ነው፤ ቦታው ሰሜን ባሕር። መርከቧ ለጋዝ ማውጫ ጣቢያዎች ተጠባባቂ የነፍስ አድን መርከብ ናት። ሥራዋ ሰው ማዳን ነው፤ ሠራተኞቿ ለዚያ የሠለጠኑ ናቸው። የመልህቁ ሰንሰለት በክፍሉ ውስጥ እየተንገጫገጨ ስላስቸገረ ሁለት መርከበኞች ሊያስሩት ወደ ፊት ሄዱ። የአፍታ ሥራ ነበር። አንደኛው ወደ ሰንሰለቱ ክፍል ወረደና ወደቀ። ሁለተኛው አደጋ መድረሱን ለሌሎቹ አስታወቀ፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። ከዚያ ግን ጓደኛውን ሊያወጣ ራሱ ገባ፤ እሱም ወደቀ። ሦስተኛው መጣ። ሲሊንደር በጀርባ የሚታዘልበትን የመተንፈሻ መሣሪያ ለብሶ በጠባቡ አፍ ማለፍ አልተቻለም። ስለዚህ ከእሳትና ከጭስ ለማምለጫ ብቻ የተሠራውን፣ ለደቂቃዎች ብቻ የሚበቃ አየር ያለውን ኮፍያ አጠለቀና ገባ። ኮፍያው ውስጥ ሳለ ወለቀበት፤ ወይ እሱ አወለቀው። ሦስቱም ሞቱ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ምስጢር ዝገት ብቻ ነው፤ ብረቱና ሰንሰለቱ ኦክስጅኑን ጨርሰውት ነበር።

ሦስት ነገሮችን ያዙልኝ። ክፍሉ በዕለቱ ሥራ ውስጥ እንደ ዝግ ክፍል አልታየም። አደጋ መኖሩን የተናገረው ሰው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አልቻለም። የማዳኛው መሣሪያ ደግሞ በበሩ አያልፍም። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ ነገ ወደ መርከባችሁ ስትመለሱ በእጃችሁ ልትፈትኑት የምትችሉት ሦስተኛውን ነው። የመተንፈሻ መሣሪያውን ከነሲሊንደሩ ልበሱና 600 በ400 ሚሊሜትር በሆነው ማንሆል፣ ሰው ወደ ታንክ በሚገባበት ጠባብ አፍ፣ ለማለፍ ሞክሩ። ካላለፋችሁ የማዳን ዕቅዳችሁ ወረቀት ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ለዚያች መርከብ የሚሆን ሌላ መሣሪያ ነው፤ ወይም ክፍሉ ለሰው የማይከፈት ሆኖ ይቆለፍ።

ልምምዱስ? በባሕር ላይ ለሕይወት ደኅንነት የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሶላስ፣ ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ በየሁለት ወሩ የዝግ ክፍል መግቢያና የማዳን ልምምድ እንዲደረግ ያዛል። ብዙ ቦታ ይደረጋል። ግን ደርብ ላይ፣ በብርሃን፣ ፈገግ እያለ ቃሬዛ ላይ በተኛ ቀጭን መርከበኛ። አንድ ጊዜ 80 ኪሎ የሚመዝን አሻንጉሊት ከድርብ ወለሉ ታንክ ሥር፣ በሦስት ማንሆል አሳልፋችሁ አውጡ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። ኦክስጅን ያጣ አንጎል ከጥቂት ደቂቃ በላይ እንደማይጠብቅ ታውቃላችሁና ቁጥሩን ስታዩት ቀጥሎ ምን መለወጥ እንዳለበት ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም።

ስለ ልኬት ልናገር፤ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጋዝ መለኪያ በመርከብ ላይ መኖሩ ከጁላይ 2016 ጀምሮ ግዴታ ነው። መኖሩ ግን መለካት አይደለም። መጀመሪያ የሚነበበው ኦክስጅን ነው፤ ምክንያት አለው። የተለመደው የተቀጣጣይ ጋዝ ሴንሰር ጋዙን በውስጡ አቃጥሎ ነው የሚለካው፤ ኦክስጅን ካነሰ ማቃጠል ያቅተውና ዜሮ ሊያሳያችሁ ይችላል። ናሙናው ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይወሰድ፤ ሚቴን ይቀላል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና የነዳጅ ትነት ግን ታች ይተኛሉ። ቱቦው ወለሉ ድረስ ይድረስ። ከመለካታችሁ በፊት ጫፉን በጣት ድፈኑት፤ ፓምፑ ካልጮኸ ቱቦው ያፈሳል፣ የምትለኩትም የደርቡን አየር ነው። ለእያንዳንዱ ሜትር ቱቦ አምራቹ የጻፈውን ሴኮንድ ጠብቁ። ቱቦው ውስጥ ውሃ ከገባ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ እዚያው ሟሙቶ ይቀራል። የማናፈሻው ማሽን፣ ብሎወሩ፣ እየነፋ አይለካም፤ ይጥፋ፣ አየሩ ይርጋ፣ ከዚያ ይለካ። ሴንሰሩ ራሱ መሥራቱ በየዕለቱ ከሥራ በፊት በሙከራ ጋዝ ይረጋገጥ። የሙከራ ጋዙ ጠርሙስ ካለቀ መለኪያው የለም ማለት ነው።

ደግሞ ይህን ስሌት አስታውሱ። መለኪያው 20.5 ሲያሳይ “ያው ነው፣ ትንሽ ናት” ይባላል። ኦክስጅኑን ከ20.9 ወደ 20.5 ያወረደው ሌላ ጋዝ ገብቶ ከሆነ፣ የገባው ጋዝ 19,000 ፒፒኤም ያህል ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በ1,000 ፒፒኤም ወዲያውኑ ይገድላል። “ትንሽ” የምትባለው ልዩነት ውስጥ ስንት ሞት እንደሚገባ ቁጠሩት።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ።

የመግቢያ ፈቃዱ የሚሞላው ካቢን ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ክዳኑ ሳይከፈት ኦክስጅን 20.9፣ 20.9፣ 20.9 ተብሎ በሦስቱም መስመር ይጻፋል። ከየቢሮው የመጣችሁ፣ በመዝገባችሁ ያሉትን ፈቃዶች አውጡና ሰዓቶቹን ብቻ ተመልከቱ፤ ክዳኑ የተከፈተበት፣ ማናፈስ የተጀመረበት፣ የተለካበት፣ ሰው የገባበት። አንድ 600 ኪዩቢክ ሜትር ታንክ በሰዓት 3,000 ኪዩቢክ ሜትር በሚነፋ ብሎወር አየሩ አንዴ ለመለወጥ ብቻ 12 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አራት ጊዜ ይለወጥ ካልን 48 ደቂቃ ነው፤ ያውም ቱቦው ታች ድረስ ከወረደና አየሩ በየማዕዘኑ ከደረሰ። ፈቃዱ ላይ ግን አራቱም ሰዓቶች በ15 ደቂቃ ውስጥ ተጨናንቀው ታገኟቸዋላችሁ። ያንን ወረቀት ኦዲተሩ አይቶ ማኅተም አድርጎበታል!

ሰው ሲሞት ደግሞ ሪፖርቱ ላይ “የሰው ስህተት” ተብሎ ይጻፋል። የማን ሰው ስህተት? 12 ሰዓት በማይሞላ የወደብ ቆይታ ውስጥ የታንክ ምርመራ፣ የነዳጅ ቅበላና የጭነት ማራገፍ በአንድ ቀን ያስገባው ማን ነው? መርማሪው ሰርቬየር ደርብ ላይ ሰዓቱን እያየ ሲጠብቅ ለዋናው መኮንን ስልክ የሚደውለው ማን ነው? ሕጉ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል፤ ሁለት መኮንኖች ስድስት ስድስት ሰዓት እየተፈራረቁ በሚጠብቁባት መርከብ፣ ላዩ ላይ የወደብ ሥራ ተጨምሮ፣ ያ የዕረፍት ሰንጠረዥ በእውነት ይሞላል ብሎ የሚምል እስቲ እጁን ያውጣ! የሞተው መርከበኛ መመሪያውን ጥሷል ትላላችሁ። መመሪያውን ለመፈጸም የሚያስፈልገውን 48 ደቂቃ አስቀድሞ የወሰደበት ሌላ ነው!

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ፈቃዱ የሚሞላውና የሚፈረመው በማንሆሉ አፍ ላይ ይሁን፤ መለኪያውን የያዘው፣ የሚገባውና የሚጠብቀው በተገኙበት፣ ቁጥሩ ከመስኮቱ እየተነበበ። በማንሆሉ አፍ የሚቆመው ጠባቂ ሌላ ሥራ አይታዘዝ፤ የቀለም ቆርቆሮ እንዲያመጣ አይላክ። እሱ ማንም አይገባም ካለ በዚያች ሰዓት ቃሉ ከካፒቴኑ በታች አይሁን። የገባው ሰው የግሉን መለኪያ ደረቱ ላይ አድርጎ ይግባ፤ ለምሳ ወጥቶ ሲመለስ እንደገና ይለካ። የአጠገቡ ክፍልም ይታሰብ፤ በተበላ ግድግዳና በተተወ የቧንቧ ቀዳዳ ጋዝ ይሻገራል። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የ2011ን የውሳኔ ሐሳብ በ2025 ሲያሻሽል እያንዳንዷ መርከብ የራሷን የዝግ ክፍሎች መዝገብ እንድትይዝ የመከረው ያለ ነገር አይደለም። ከሁሉም በፊት ግን፣ መግባቱ የግድ ነው ወይ? በካሜራ፣ በድሮን፣ ከውጭ በሚጎተት ገመድ የሚሠራ ሥራ ካለ ሰው አይግባ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ፤ ሰዓቱም ሄዷል። ወደብ መሪው ወደ መርከብ የሚወጣበት የፓይለት መሰላል ገመዱ በፀሐይ ተቃጥሎ፣ ከደርብ ጋር በተሳሳተ ማሠሪያ ታስሮ እያየን ነው፤ ከውሃው እስከ መሳፈሪያው ከ9 ሜትር ሲበልጥ የጎን ደረጃ መጨመር ሕግ ነው። በውሸት ስም የሚጫን አደገኛ ጭነት ኮንቴይነር መርከቦችን እያቃጠለ ነው። የእንጨት ከሰልን በተመለከተ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንደ አደገኛ ጭነት መመዝገቡ ግዴታ ሆኗል፤ ሲታሸግ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፤ ከላይም 30 ሳንቲሜትር ክፍተት ይተውለታል። የጭነት ወኪሎች ይህን ዛሬውኑ ለላኪዎች ንገሩ።

ለኩባንያ ተወካዮች የመጨረሻ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከዚህ ስትመለሱ ለእያንዳንዱ ካፒቴን አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ለማናፈስና ለመለካት የሚያስፈልገው ጊዜ ከወደብ ቆይታው እንደማይቀነስ፣ መግባት የከለከለ ሰው እንደማይጠየቅበት፣ ሁለተኛ መለኪያና በማንሆሉ የሚያልፍ የመተንፈሻ መሣሪያ መቼ እንደሚደርስ፣ ቀኑን ጠቅሳችሁ አስፍሩበት። ካፒቴኖችም ደብዳቤው እስኪደርሳችሁ ክፍሎቹን ቆልፉ፤ ቁልፉም በእጃችሁ ይሁን።

አመሰግናለሁ።