ውሃው ከዚያ ወዴት ይሄዳል?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ቀን ላወራችሁ ነው። ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ ያ ቀን ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

ቦታው ባሊ ነው። ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች አሏት፤ አብዛኛው ሕዝቧም ሙስሊም ነው። ባሊ ላይ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ነዋሪ አብዛኛው ሂንዱ ነው። ደሴቷ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ብላ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ትሞቃለች፤ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። እኔ የምኖረው ዱባይ ነው። አሸዋ ሲያይ ለከረመ ዓይን ያ አረንጓዴ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

መጀመሪያ የሄድነው በስልክ በያዝነው ጉብኝት ነበር። እኔና ጓደኛዬ፣ አንድ መኪና፣ በአንድ ቀን ስድስት ቦታ። ጠዋት ሌምፑያንግ ቤተ መቅደስ ደረስን። ሁለት ተከፍለው የቆሙ የድንጋይ ግንቦች አሉ፣ በመሃላቸው የአጉንግ ተራራ ይታያል። ፎቶ ለመነሳት ሰዓታት ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ አንድ ልጅ ከስልኩ ሌንስ ሥር ትንሽ መስታወት ደገነ። በፎቶው ላይ ከእግራችን ሥር ሐይቅ ያለ ይመስላል። እዚያ ሐይቅ የለም። ሌምፑያንግ ከደሴቷ ታላላቅ ቤተ መቅደሶች አንዱ ነው፤ ሰው ደረጃውን የሚወጣው ሊጸልይ ነው። እኔ ግን አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ፎቶዬን ይዤ ወረድኩ። አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ ሹፌራችን ቡና የሚሸጥበት ቦታ ወሰደን። ጥርኝ በልታ የጣለችውን የቡና ፍሬ አጥበው፣ ቆልተው በውድ ይሸጡታል። ጥርኟ በጠባብ የሽቦ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ አታርፍም። እኛም አገር ለዝባድ ሲባል ጥርኝ ተይዛ ስትኖር ኖራለች፤ ዝርያዋ ሌላ ቢሆንም። ያን ቡና አልጠጣሁትም። ማታ ለጓደኛዬ «እንዲህ ከሆነ ነገ ሆቴል እንዋል» አልኳት።

እሷ ግን ሌላ ሰው አገኘች። ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው አባት ናቸው። እዚያ እንዲህ ያለውን ሰው «ፓክ» ብለው ነው የሚጠሩት፣ አባት እንደማለት ነው። እኔ በልቤ ጋሼ እላቸው ነበር። ስማቸውን አልናገርም፣ ግን የመጀመሪያ ልጅ መሆናቸውን ከስማቸው ማወቅ ይቻላል። ባሊ ላይ ብዙ ሰው የበኩር ልጁን ዋያን፣ ሁለተኛውን ማዴ፣ ሦስተኛውን ንዮማን፣ አራተኛውን ክቱት ይላል። አምስተኛ ከመጣ እንደገና ከዋያን ይጀመራል። ፓክ አስጎብኚ ብቻ አይደሉም፣ ሩዝ ገበሬ ናቸው። ከቤታቸው ሁለት ሽርጥና ሁለት መቀነት ይዘውልን መጡ፤ ያለዚያ ቤተ መቅደስ አይገባም። ነጠላ መልበስ ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም። «ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የማሳያችሁ» አሉን። «ውሃ።»

ወደ ባቱር ወጣን። ባቱር እሳተ ገሞራ ነው። እግሩ ሥር ትልቅ ሐይቅ አለ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ የሐይቁ ቤተ መቅደስ። ድሮ ቤተ መቅደሱ ታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ተራራው ሲፈነዳ መንደሩንም እሱንም ዋጣቸው፤ ሰዉ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ሠራው። እዚያ የሚመለኩት ዴዊ ዳኑ ናቸው፣ የሐይቁ እመቤት። ሐይቁ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ገበሬዎቹ ግን ታች በየሸለቆው የሚፈልቀው ምንጭ ከእመቤቲቱ የሚላክ ነው ይላሉ። ለዚህም ነው ገበሬ ከታች ድረስ ስጦታ ይዞ የሚመጣው።

አፋፉ ላይ የኪንታማኒ ቡና ቀመስን። ገበሬዎቹ ቡናውን ከብርቱካን ጋር አብረው ነው የሚተክሉት። ዝርያው አረቢካ ነው። «ኢትዮጵያ!» አሉ ፓክ፣ ስኒውን ወደኔ ከፍ አድርገው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቡና ከኛ ጫካ ተነስቶ እዚህ ድረስ ሄዶ፣ የሌላ ሰው ልጆች ያሳድጋል።

ቀጥሎ ቲርታ ኤምፑል ወረድን። እዚህ ትንሽ ልቆይ። ምንጩ ከመሬት አሸዋውን እየገለበጠ ይፈልቃል፤ ጥርት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ962 የተጻፈ ጽሑፍ ይህን ቦታ ይጠቅሳል። ከምንጩ የወጣው ውሃ በድንጋይ ፏፏቴዎች እየተንቆረቆረ ወደ ገንዳ ይወርዳል። ሰው ገንዳው ውስጥ ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ ፏፏቴ ሥር ጎንበስ ብሎ ይጸልያል፣ ራሱን ያጠምቃል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ከፊታችን የነበሩ ወጣት ቱሪስቶች ሁሉንም ሊያዳርሱ ሲሉ ፓክ በእጃቸው አስቆሟቸው። ሁለቱ ፏፏቴዎች ይታለፋሉ። የእነሱ ውሃ ለሞተ ሰው ሥርዓት የሚሆን ነው። ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯቸው። ልጆቹ አመስግነው አለፉ። እኔ ደግሞ ትናንት እንደዚያ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ነገር አይቼ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ጓደኛዬ ልትገባ ፈለገች። እኔ አልገባሁም። እኛ ጠበል አለን፣ የምንጠመቀውም በእምነት ነው። ሌላው በእምነት የሚጠመቅበትን ውሃ ለመሞከር ብቻ ልገባበት ልቤ እሺ አላለኝም። ፓክ ለምን እንደቀረሁ ጠየቁኝ። ስለ እንጦጦ ነገርኳቸው፣ በብርድ ማለዳ ነጭ ለብሶ ስለሚሰለፈው ሰው፣ በጀሪካን ለታማሚ ስለሚወሰደው ጠበል። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ውሃው ከዚያ ወዴት ይሄዳል?»

መልስ አልነበረኝም። ስንት ዓመት ጠበል ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን ይህን ጠይቄ አላውቅም።

የእሳቸው ውሃ የት እንደሚሄድ ግን አሳዩኝ። ትንሽ ወረድ ብሎ ጉኑንግ ካዊ አለ። በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎች ወደ ፓከሪሳን ወንዝ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ በወንዙ ግራና ቀኝ ከገደሉ ላይ የተፈለፈሉ ሰባት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ አሥር መታሰቢያዎች ቆመዋል። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው፣ ለነገሥታት ቤተሰብ። ላሊበላን ያየ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። የእኛዎቹ ውስጣቸው ቤት ነው፣ እነዚህ ግን ከገደሉ ፊት የወጡ ቅርጾች ናቸው። ዓለትን እንደዚያ የጠረበ እጅ ግን የትም ቢሆን ያስታውቃል።

ከዚያ ማሳው። ፑላጋን የሚባለው የሩዝ እርከን የሚጠጣው ከቲርታ ኤምፑል የወረደውን ያንኑ ውሃ ነው። ሰው የተጠመቀበት ውሃ ሩዝ ያበቅላል። ገበሬዎቹ «ሱባክ» በሚባል ማኅበር ታቅፈዋል። አሠራሩ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መሪያቸው «ፔካሴህ» ይባላል። ፓክ ሥራውን ሲያስረዱኝ «ይሄማ የውሃ አባት ነው!» አልኩ። እኛም አገር መስኖ ባለበት ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት አለ።

ቦዩ ላይ የተጋደመ ግንድ አሳዩን። ጥርስ ጥርስ ተደርጎ ተቆርጧል፣ በየጥርሱ የሚያልፈው ውሃ የየሰዉ ድርሻ ነው። ታዲያ ላይኛው ገበሬ ለምን ሁሉንም አይጠልፈውም? በተባይ ምክንያት ነው። ሁሉም አንድ ላይ ዘርቶ፣ አንድ ላይ አጭዶ፣ ማሳውን አንድ ላይ ሲያሳርፍ ተባዩ የሚበላው ያጣል። የታችኛው ገበሬ ውሃ ካላገኘ ግን አብሮ መዝራት አይችልም፤ ተባዩ እሱ ጋ ከርሞ ወደ ላይ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት «ምርጥ ዘር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ዝሩ» አለ። ሥርዓቱ ተበተነ፣ ተባይ ማሳውን ወረረው። ስቲቨን ላንሲንግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው ከጊዜ በኋላ የውሃ ቤተ መቅደሶቹ የሚያወጡት የውሃና የዘር መርሐ ግብር እንዴት እንደሚሠራ በኮምፒውተር ጭምር ያሳየው። ፓክ ያኔ ልጅ ነበሩ። «አባቴ ያን ዓመት ባዶ እጁን ከማሳ ሲመለስ አይቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ቆመን ሳለ ወዲያ ማዶ ወደ አንድ ማሳ አመለከቱኝ። ግማሹ ሲሚንቶ ሆኗል። ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ቤት፣ ከነመዋኛ ገንዳው። እንግዳዋ እኔ ነኝ፤ እኔም ያደርኩት እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ለፓክ ነገርኳቸው። «ባትመጪ ደግሞ ልጄን በምን አስተምር ነበር?» አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱንም ይዤ ነው የመጣሁት።

ዱባይ እንደተመለስኩ እናቴ ጋ ደወልኩ። አያቴ አገር አንድ የሚካኤል ጠበል አለ፣ ልጅ ሆነን የምንሄድበት።

«እማዬ፣ ያ ጠበል ከዚያ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ዝም ብዬ ነው።»

ትንሽ አሰበች። «ቁልቁል ወንዟ ይገባል። ከታች እነ አጎትሽ ጎመንና ሽንኩርት ያጠጡበታል። አንቺም እኮ በልተሽዋል።»