በምራቅ የተዋጠችው ክኒን

[ምስል፦ ሌሊት። አንድ ሰው አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ክኒን በምራቁ ሲውጥ]

ተራኪ፦ ክኒኗ ጨጓራው የደረሰች መስሎታል። የለችም። ደረቱ መሃል፣ የምግብ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ተለጥፋ እየሟሟች ነው። ነገ ምራቁን ሲውጥ እንኳ እሳት ይሆንበታል። የምግብ ቧንቧ መቆጣት ይሉታል።

[ስዕል፦ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የተዘረጋው ቧንቧ]

የምግብ ቧንቧ አዋቂ ሰው ላይ ርዝመቱ 25 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ጨጓራ የራሱን አሲድ ይችላል፤ ቧንቧው አይችልም። በሁለቱ መካከል ያለው ቀለበት መሳይ ጡንቻ ሲላላ አሲዱ ሽቅብ ይመለሳል። ቃር የምንለው ይህንኑ ነው፤ ቧንቧው እንዲቆጣ የሚያደርገው ዋናው ነገርም እሱ ነው። ውፍረት፣ እርግዝና፣ ሲጋራና መጠጥ ያብሱበታል። ጠግቦ ወዲያው መተኛትም አለ፤ የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ በልቶ ጎኑን ያሳረፈ ያውቀዋል።

[ምስል፦ ክኒኖች፣ አጠገባቸው ሙሉ ብርጭቆ ውሃ]

ወደ ክኒኗ እንመለስ። ለተስቦ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። አስፒሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ የብረት ክኒን፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔትም ያቆስላሉ። መላው ቀላል ነው፤ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ መዋጥ፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ አለመጋደም።

የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ላይ ደግሞ ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ቧንቧው ውስጥ ይራባል። ኤችአይቪ በደሙ ያለና መድኃኒት ያልጀመረ፣ ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ይጋለጣል። ስቴሮይድ ያለበት የሚነፋ የአስም መድኃኒት ወስዶ አፉን የማይጉመጠመጥም እንዲሁ።

[ስዕል፦ ቧንቧው እየጠበበ ሲሄድ]

የተቆጣ ቧንቧ ቶሎ ካልታከመስ? ቁስሉ ሊደማ ይችላል፤ ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ሲድን ሲቆስል የኖረ ቧንቧ ደግሞ ጠባሳ ያወጣና ይጠባል። መጀመሪያ ሥጋ ይሰነቀራል፣ ቀጥሎ እንጀራ፣ በመጨረሻ ሾርባ።

አሲድ ለዓመታት ሲልሰው የኖረ ቧንቧ የውስጥ ሽፋኑ ተለውጦ የአንጀት ሽፋን ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ለውጥ በ1950 እ.ኤ.አ. በጻፈው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ስም ባሬት ይባላል። ከእነዚህ ሰዎች ካንሰር የሚይዛቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ክትትል ግን ያስፈልጋቸዋል። አርሲና ባሌ ውስጥ የሚበዛው የቧንቧ ካንሰር ከዚህ ይለያል፤ ከቃር ጋር አናምታታው። እዚያ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ትኩስ ገንፎ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት መድቦታል።

[ምስል፦ የተበጠበጠ ተልባ]

ተልባ ለቃር ያስታግስ ይሆናል። ጉርሻ እየተሰነቀረ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ደም ከታየ ግን ብርጭቆውን አስቀምጡና ቧንቧው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ይታይ።