አዲስ ዕቃ ሳይገዙ መጓዝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከእንቁጣጣሽ እስከ እንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ፣ ጫማም ሆነ ሌላ ዕቃ ላለመግዛት ለራሳቸው ቃል የገቡ አድማጮች በዚህ ሳምንት የደወሉልን ስለ ጉዞ ነው። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሳሙናና የመጓጓዣ ሒሳብ ከቃሉ ውጭ መሆናቸውን ይዘን እንመልሳለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወሉ እናት፦ ለገና አዲስ አበባ እገባለሁ። ባዶ እጄን ዘመድ ቤት መግባት አልችልም፤ ቃሌንም ማፍረስ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ባዶ እጅዎን አይግቡ። ዛሬውኑ የሚያገኟቸውን ሰዎች ስም በሙሉ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቤትዎ ውስጥ ካለው ዕቃ አንድ ነገር ይመድቡ። ብዙ ሰው ቃሉን የሚያፈርሰው በመጨረሻው ቀን አንድ የአክስት ልጅ ትዝ ሲለው ነው። ለልጆችዎ ያጠረ ጃኬት ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ በሥርዓት ታጥፎ ሲሰጥ ማንም አይንቀውም። የጫማ ቁጥር ግን አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ።

ትልቁ ስጦታ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ነው፤ ችግርም የሚመጣው ከእሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በክፍያ ውል የተገዛ ስልክ በሸጠው የስልክ ድርጅት ሊቆለፍ ይችላል፤ ካልተከፈተ የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ሲም አይሠራበትም። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ያስከፍቱት። ቀጥሎ ከጉግል ወይም ከአፕል አካውንትዎ ይውጡ፤ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሰው እንደ አዲስ የሚያስጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ አዲስ አበባ ላይ የእርስዎን የይለፍ ቃል ይጠይቅና ተቀባዩ እጅ ላይ ድንጋይ ይሆናል። አሜሪካ የተሸጡት አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ደግሞ ሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ተቀባዩ የኢሲም አገልግሎት ማግኘቱን አስቀድሞ ያጣራ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ መለያውን ያንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ ችግር የለም። «120 ቮልት» ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ግን አገር ቤት 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። አዳፕተር የሶኬቱን እግር ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ቮልቱን አይቀንስም።

ሲመለሱ በርበሬና ሽሮ ቤተሰብ ይሰጥዎታል፤ ያ ግዢ አይደለም። በሁለት ፌስታል አሽገው በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት። ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት ሊከለከል ይችላል።

ከአዳማ የደወለ ወጣት፦ ባሌ ተራሮች ልሄድ ነው። የተራራ ጫማ አለኝ፤ ሰባት ዓመት ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። አዲስ ስለሆነ ይበቃኛል አይደል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እሱን ጫማ ሳትፈትሽ እንዳትነሳ። የብዙ የተራራ ጫማ መሃል ያለው ስፖንጅ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ባይለበስም የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ከላይ ሲታይ ቆዳው አዲስ ነው፣ ማሰሪያው አዲስ ነው፤ ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሁለት ሰዓት እንደተራመድክ ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል።

አሁኑኑ የሶሉን ጎን በአውራ ጣትህ ጫን። ስንጥቅጥቅ ካለ፣ ከተጣበቀብህ ወይም ዱቄት ከወጣው አልቆለታል፤ ማስቲሽም አያድነውም፣ ማስቲሹ የሚይዘው ራሱ የፈረሰውን ስፖንጅ ነውና። ስፖንጁ ጠንካራ ሆኖ ሶሉ ጫፉ ላይ ብቻ ከተላቀቀ ግን ይጠገናል። አሮጌው ማስቲሽ በሻካራ ወረቀት ተፍቆ ይጽዳ፤ ሁለቱም ፊት አዲስ ማስቲሽ በስሱ ይቀባ፤ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ አጥብቆ መጫን፣ በገመድ አስሮ 24 ሰዓት መተው ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እርጥብ እያለ ስለሚገጠም ነው፤ በመሃሉ የታፈነው ማቅጠኛ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ጫማ ሰፊው ዙሪያውን በክር ቢወጋልህ ደግሞ እሰየው። ሳትነሳ ሦስት ቀን በጫማው ከተማ ውስጥ ተራመድ።

ጫማው የማይሆን ከሆነ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ጓደኛህ ተዋስ። ሌሊት ውርጭ ስላለ ከባድ ጃኬትም እንዲሁ ተዋስ፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ደርሰህ ስትፈልግ ግን ምርጫ አይኖርህም።

ከደሴ የደወሉ አባት፦ የሻንጣዬ ዚፕ ይዘጋና ከኋላ ይከፈታል። ሻንጣ ልቀይር?

መልስ፦ ሻንጣው ምንም አልሆነም። ጥርሶቹን የሚያገጣጥመው ተንሸራታች ብረት ከብዙ አገልግሎት በኋላ አፉ ይሰፋል፤ ጥርሶቹን አጥብቆ መግጠም ያቅተዋል። ዚፑን እስከ መነሻው ይመልሱት። በፒንሳ የብረቱን ግራ ጎን በቀስታ ጫን ያድርጉት፣ ቀኙንም እንዲሁ፤ ከዚያ ይሞክሩት፤ ካልያዘ ይድገሙት። በአንድ ጊዜ አጥብቀው ከጨመቁት ይሰበራል ወይም አይንቀሳቀስም። ሲጨርሱ ጧፍ ያሹበት። ጥርስ ከረገፈ ግን ልብስ ሰፊ ዘንድ ዚፑ ብቻ ይቀየራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ያድርጉት።

ከዱባይ የደወለች እህት፦ ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬ ቢቀር የምለብሰውን ሁሉ መግዛቴ አይቀርም፤ ቃሌ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ሻንጣ ከሚወሰድበት አዳራሽ ሳትወጪ አመልክቺ፤ የማመልከቻ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ሳትይዢ መውጣት ትልቁ ስህተት ነው። ስለ አየር ጉዞ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣው ዘግይቶ ከመጣ በእጅሽ በገባ በ21 ቀን ውስጥ፣ ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ አቤቱታሽን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ቀሚስና ነጠላ ከእህት፣ ከአክስት ይዋሳሉ። የውስጥ ልብስ ግን ከሰው አይዋስም፤ ሁለት ግዢና ደረሰኙን ያዢ። ይህ ቃል ማፍረስ አይደለም ብለን በሙሉ ልብ እንናገራለን። በእጅ ሻንጣሽ አንድ ቅያሪና መድኃኒትሽ ሁልጊዜ ይኑር።

ከጎንደር የመጣ ጥያቄ፦ ሰልባጅ ይቆጠራል?

መልስ፦ ቃሉ «አዲስ አልገዛም» ከሆነ አይቆጠርም። መንገድ ላይ የተቀደደን ወይም የጠፋን ብቻ ይተኩበት፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የተጨመረ ሸሚዝ ሻንጣ ይሞላል። የብብቱን ስፌት ገልብጠው ይዩ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያንሱ፤ የሳሳ ቦታ ካለ ይተዉት።

ከአዲስ አበባ፦ የታሸገ ውኃ ላለመግዛት የቧንቧ ውኃ አፍልቼ በኮዳ ብይዝስ?

መልስ፦ ይሆናል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ፣ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑን ሳይከፍቱ ያቀዝቅዙት፤ ኮዳውንም ከመሙላትዎ በፊት በዚያው በፈላው ውኃ ያለቅልቁት።