አንበሳ የላከችው ሴት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ያሰብኩት ርዕስ ሌላ ነበር። ይቆይ። ሚጡ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች።

አዎ፣ ያቺው ሚጡ፣ የእቴቴ ልጅ። 15 ሆናለች እኮ! ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ትገባለች፣ በቀጥታ ትታያለች፣ በእናቷ አካውንት። ቲክቶክ እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ላይቭ ለመግባት 18 ዓመት ይላል። እቴቴ መታወቂያዋን ሰጠቻት፣ አለቀ።

ቅዳሜ ቤታቸው ስደርስ ባትል ላይ ናት፣ ማን ብዙ ስጦታ ይላክለታል የሚባለው ውድድር። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው፣ ሚጡ እየተመራች ነው። «ቤተሰብ፣ ነካ ነካ አድርጉ! ቤተሰብ፣ አትተኙብኝ!» ድምጿ ሻከር ብሏል፣ የትልቅ ሰው ድምፅ ሆኗል። ተመልካቹ ከሚልከው የስክሪን ስጦታ ጽጌረዳ ይንጠባጠባል። ጽጌረዳ አንድ ኮይን ናት (ኮይን በገንዘብ የሚገዛ የቲክቶክ ሳንቲም ነው)፣ የትም አታደርስም። ከዚያ ሊያልቅ ሲል አንበሳ መጣ። 29,999 ኮይን! በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ማለት ነው። ሚጡ ጮኸች፣ ተንበረከከች። «እናቴ! ዕድሜ ይስጥልኝ!» እቴቴ ከኩሽና እልል አለች።

ላኪዋ ከሥር ጻፈች። «የኔ ቆንጆ፣ አሁን ገና ሥራ ጨረስኩ። ማዳም ተኛች።»

ሚጡ ጮክ ብላ አነበበችው። አንብባ ሳትጨርስ፣ «ሌላስ? ሌላስ ማነው?» አለች።

እኔ እዚያች «ሌላስ» ላይ ቀረሁ። ሴትዮዋ ቤይሩት ትሁን ሪያድ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ፣ ያንን ሁሉ ብር... ቲክቶክም እኮ ድርሻውን ይቆርጣል። ለማን ነው የሠራችው? ደግሞ እላለሁ፣ ገንዘቡ የራሷ ነው። በዚያ ሌሊት በአማርኛ ስሟን የሚጠራላት ሌላ ማን አለ?

በነገራችን ላይ «የዘንድሮ ልጅ» የምትሉኝ ሰዎች፣ እባካችሁ። መስቀል አደባባይ ሰብሰብ ብለው አዲስ ዳንስ የሚቀርጹትን ልጆች ቆሜ አያቸዋለሁ፣ ደስ ይሉኛል። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኛስ በዚያ ዕድሜ መታየት አልፈለግንም? ታዝቦ የሚሄደው ትልቅ ሰው ነው የሚያናድደኝ። አንበሳውን የሚልከው እኮ ልጅ አይደለም። መታወቂያ ያዋሰውም ልጅ አይደለም።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ። በማግስቱ ሚጡን ጠየቅኳት፣ «ያቺን ሴት ታውቂያታለሽ?» ብዬ። ቀና አላለችም። «ስታለቅስ እኔ ነኝ የማወራት» አለችኝ። «በኢንቦክስ። ልጇ እኩያዬ ናት።»

እስከዚያ ድረስ ተናድጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደሆንኩ እንጃ። የ15 ዓመት ልጅ የዚያችን ሴት ለቅሶ በሌሊት ተሸክማ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች? ወይስ ጥሩ ነገር ነው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ለእቴቴ ደወልኩላት። «ይቅርባት፣ ልጅ ናት» አልኩ። «የዚህን ወር የቤት ኪራይ ማን እንደከፈለ ጠይቂኝ» አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ እከፍላለሁ አልላት፣ አልችልም። አትክፈሉ አልላቸው። ሚጡ ደግሞ ፈተና ደርሶባታል፣ እና... ቆይ፣ እቴቴ ናት የምትደውለው። ላንሳው።