ፎቶው ላይ ስምህ አለ? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ቅዳሜ ስለ ቅጂ መብት ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አብዛኞቹ ደዋዮች ከደሴና ከኮምቦልቻ ነበሩ። በአየር ላይ በጥድፊያ የመለስኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ «አይጠየፍ አዳራሽን ማለዳ ጭጋጉ ሳይገፈፍ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። በሳምንቱ አንድ ሆቴል ማስታወቂያ አደረገው። ብጠይቃቸው ‹ኢንተርኔት ላይ ያለ የሁሉም ነው› አሉኝ።»

አብሽር ወንድሜ፣ የነገሩህ ልክ አይደለም። ለሰው ማሳየት ሌላ፣ መስጠት ሌላ። አዳራሹን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ ማንም ሄዶ ሊያነሳው ይችላል። አንተ በብርድ ተነስተህ፣ ቦታ መርጠህ ያነሳኸው ፎቶ ግን የአንተ ሥራ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የሚጠብቀው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። መብቱን ለማግኘት የግድ ማስመዝገብ የለብህም።

ፎቶ ላይ ግን ሕጋችን አንድ ነገር ይጨምራል። ብዙ ጎበዝ ፎቶ አንሺዎች ይህን ባለማወቅ ሲጎዱ ማየት ያንገበግበኛል። ፎቶው ወጥ ሥራ (ከሌላ ያልተቀዳ፣ የራስህ ፈጠራ) መሆኑ ብቻ አይበቃም። የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። ስልክ ላይ «ስም አልጻፍኩበትም» ብለኸኛል። እንግዲያው ፎቶው በአንድ ስብስብህ ውስጥ ካለ እሱን ይዘህ ተከራከር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ስምና አድራሻህን ጻፍበት። ጥግ ላይ ካደረግከው በቀላሉ ይቆረጣል፤ ቢቆርጡት ፎቶው የሚበላሽበት ቦታ ላይ አድርገው። ካሜራው ፋይሉ ውስጥ በሚመዘግበው መረጃም አትተማመን፣ ፌስቡክ ስትጭን አብዛኛውን ያጠፋዋል።

ሆቴሉን ከማነጋገርህ በፊት ስክሪንሹት ያዝ። ቀኑና የገጹ ሊንክ ይታይ። ከዚያ በትህትና ጻፍላቸው፤ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። እምቢ ካሉ ፌስቡክ የቅጂ መብት አቤቱታ ቅጽ አለው። ስምህና አድራሻህ ለተከሰሰው ወገን ሊደርስ እንደሚችል ግን እወቅ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰና ከረታህ፣ በአዋጁ የሞራል ጉዳት ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም።

ከኮምቦልቻ፦ «የሱቄን ዌብሳይት ጽሑፍ አንዱ እንዳለ ገልብጦ የራሱ ላይ አስቀመጠው።»

እህቴ፣ የአንቺ ይቀላል። ለጽሑፍ የስምና አድራሻ ግዴታ የለም። የሚጠበቀው ግን ሐሳቡ ሳይሆን የጻፍሽበት አገላለጽ ነው። እሱም ያንኑ ዕቃ ሊሸጥ ይችላል፤ አረፍተ ነገርሽን መውሰድ ግን አይችልም። ዌብሳይቱን ላስቀመጠለት ድርጅት የሁለታችሁን ገጽ ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪ። ለጎግልም አመልክቺ፣ ገጹን ከፍለጋ ውጤት ሊያወጣው ይችላል።

አንድ አባት፣ ከደሴ፦ «የልጄን ሠርግ ያነሳው ልጅ ፎቶዋን ሳይጠይቀን ማስታወቂያ አደረገው።»

አባቴ፣ እዚህ ላይ እርስዎ ይበረታሉ። ተከፍሎት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ (ሥራውን የማባዛት፣ የመሸጥ መብቱ) የአዛዡ ነው። በዚያ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። ፈቃዱን የምትሰጠው ወይም የምትከለክለው ልጅዎ ራሷ ናት። ፎቶ አንሺዎችም ብትሆኑ ውል ላይ «ለማስታወቂያ እጠቀምበታለሁ» የምትል አንድ መስመር አስገቡና አስፈርሙ።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ፎቶዎቼን እንዳይገለብጡ ዌብሳይቴ ላይ ራይት ክሊክ ብዘጋስ?»

ብዙም አይረዳህም፤ ስክሪንሹት የሚባል ነገር አለ። ይልቅ ዌብሳይቱ ላይ አነስ ያለውን ፎቶ ጫን። ትልቁን ኦርጅናል ፋይል፣ ከእሱ በፊትና በኋላ ካነሳሃቸው ጋር፣ ሁለት ቦታ አስቀምጥ። የሰረቀህ ሰው የተለጠፈችውን አንዷን ብቻ ነው የሚያሳየው። አንተ ግን የዚያን ቀን ያነሳኸውን ሁሉ ታሳያለህ።